ማርሳቢት ተቀምጦ ከደሴ ልጅ መጠበቅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እኔና ባለቤቴ የደሴ ልጆች ነን። ቤተ ክርስቲያናችን ልካን በሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት ከተማ፣ በወንጌል አገልግሎት ላይ እንገኛለን። ልጅ አልወለድንም። ከወሎ አንድ ጨቅላ በጉዲፈቻ ለማሳደግ ማመልከቻ ካስገባን ቆይተናል፤ ጠብቁ ከመባል በቀር መልስ የለም። ኑሯችን ተንጠልጥሏል። የቤት ኪራይ ውላችንን በየሦስት ወሩ እናድሳለን፣ አዲስ ሥራ አንጀምርም፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እንደነግጣለን። የባለቤቴ አክስት ደግሞ በደላንታ በኩል አንዲት ነፍሰ ጡር ልጇን ልትሰጠን ፈቅዳለች፣ በወለደች ሳምንት መጥታችሁ ውሰዱ ይላሉ። እንቀበል? ወይስ አገልግሎቱን ትተን አገር ቤት ገብተን እንጠብቅ? እዚህ የወለድነው ነው ብንልስ ማን ያውቅብናል?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እዚህ የወለድነው ነው የሚለውን ሐሳብ ዛሬውኑ ጣሉት። ከየት እንደ መጣ ይገባኛል። ደሴ የምትኖር ሴት ሆዷ ሳይገፋ ልጅ ታቅፋ ብትታይ ወሬው ከአራዳ ተነሥቶ ሸዋ በር ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። እናንተን ግን ማርሳቢት ማን አይቷችሁ? የሚፈትናችሁ ርቀቱ ራሱ ነው። በሥራዬ እንደማየው ጉዲፈቻን ከልጁ የሚደብቁ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ልጁን ከሰው አፍ ለማዳን ብለው ነው። ልጁ ግን እውነቱን ሳይሰማ አይቀርም። ከአጎት ልጅ ጋር ሲጣላ፣ አለዚያም በውርስ ክርክር መካከል ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ የሚያቆስለው በሌላ ቤት መወለዱ ሳይሆን በገዛ ወላጆቹ መታለሉ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

በሕግም ያላችሁትን ያሳጣችኋል። ያልወለዱትን ወለድኩ ብሎ ማስመዝገብ የሐሰት ማስረጃ መስጠት ስለሆነ በወንጀል ያስጠይቃል። በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ልጁን ለሁሉም ነገር የአሳዳጊዎቹ ልጅ ያደርገዋል። በሐሰት ልደት ላይ የቆመን ልጅነት ግን አንድ የተቆጣ ዘመድ በአቤቱታ ሊያናጋው ይችላል። ልጁን እውነቱን ለመንገር ደግሞ ትልቅ ቀን አትቅጠሩለት። ገና ቃሉን ሳይረዳው፣ ስታጥቡትና ስታስተኙት፣ እንዴት ወደ ቤታችሁ እንደ መጣ እንደ ተረት ንገሩት፤ ሲያድግ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ወደ አክስት እንምጣ። ክፋት አስበው አይመስለኝም። በአገራችን የዘመድ ልጅ ወስዶ ማሳደግ የቆየ ነው፤ ለእሳቸው የሚታያቸው አንዲት የተቸገረች ሴትና ሁለት ልጅ የናፈቃቸው ሰዎች መገናኘታቸው ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ገና በማኅፀን ያለን ልጅ በጉዲፈቻ ለመስጠት መስማማት ይቻላል፤ ይህን ሰምተው ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ግን የነገራቸው የለም። እናቲቱ ልጁ ከተወለደ በኋላ ባሉት 6 ወራት ውስጥ ማንንም ሳታስፈቅድ በራሷ ፈቃድ ብቻ ስምምነቱን ማፍረስ ትችላለች። ሕጉ ይህን ያለው አውቆ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና፣ ያስረገዛት ሰው ሸሽቶ፣ አባቷ ከቤት አባሯት የምትወስን ሴት፣ ልጇን አጥብታ ከአራስ ቤት ስትወጣ የምትወስነው ሌላ ሊሆን ይችላል። በወለደች ሳምንት ውሰዱ ማለት ያንን ጊዜ መንጠቅ ነው።

እኔ በዚያ ወረዳ ብሠራ ለዚህች ሴት የማነሣላት የመጀመሪያ ጥያቄ ልጅሽን ለማን ትሰጫለሽ የሚል አይሆንም። ልጅሽን አንቺው እንድታሳድጊ ምን ይጎድልሻል ነው የምላት። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከአባቷ ጋር የሚያስታርቃት ሽማግሌ፣ የጥቂት ወራት እህልና የቤት ኪራይ ነው። ይህ ተሞልቶም ከልቧ ማሳደግ አልችልም ካለች፣ የልጁ አባት ከታወቀ የእሱም ፈቃድ ይጠየቃል። ገንዘብ ደግሞ በመካከል አይግባ። ለአራስነቷ ገንፎና ማር ብላችሁ የምትልኩት እንኳ ነገ በሌላ ዓይን ሲታይ ዋጋ ይመስላል። ከዚያም የፍርድ ቤት ውሳኔ ያልያዘ ሰው የሰባት ቀን ጨቅላ ታቅፎ ሞያሌ ኬላ ላይ ቢደርስ፣ ሚሲዮናዊ ነኝ ማለቱ አያድነውም። በሰው የመነገድ ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ለልጆች ጉዳይ ጠንከር ያለ ነው፤ መርማሪው የልባችሁን ንጽሕና የሚያይበት መሣሪያ የለውም። አክስታችሁን በእኔ ስም እንዲህ በሏቸው፦ ሴቲቱ ከፈለገች ራሷ ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ትሂድ፤ እናንተ በሌላችሁበት፣ ስማችሁ ሳይነሣ ትመከር።

አሁን ጠብቁ ስለተባላችሁበት ምክንያት። ወሎ ውስጥ ወላጅ የሌለው የሚመስል ልጅ ሁሉ ወላጅ የለውም ማለት አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ሲጎርፍ ልጅና እናት ተለያይተዋል። በቀጣዩ ወር ከተሞቹ ቢመለሱም ተለያይቶ የቀረው ሁሉ አልተገናኘም። ከዚያም ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሐይቅ አካባቢ በጃሪና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈሩ፤ በመጠለያ ውስጥ የሞተች እናት ልጅ አባቱ በሌላ መጠለያ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ተጥሎ የተገኘ ወይም ብቻውን የቀረ ሕፃን ፋይል ሲከፈትለት መጀመሪያ የፖሊስ ማስረጃ ይወጣል፣ ቀበሌው ይጠየቃል፣ ዘመድ ይፈለጋል። ቤተሰብ ከተገኘ ልጁ ይመለሳል፤ አጎት ወይም አያት ላሳድግ ካሉ ለእነሱ ይሰጣል፤ እስከዚያው በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ሊቆይ ይችላል። ጉዲፈቻ የሚመጣው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ነው። እናንተ ዝምታ ብላችሁ የምትሰሙት ጊዜ አንድ ባለሙያ የልጁን አያት ፍለጋ በእግሩ የሚኳትንበት ሊሆን ይችላል። መዝረክረክም የለም አልልም። ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፋ ፋይል በየቢሮው አለ፤ በየወሩ በትሕትና ደውሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ጨቅላ ብቻ ማለታችሁም መጠበቁን ያረዝመዋል። አመልካቹ ሁሉ የሚጠይቀው ጨቅላ ነው፤ የዘመድ ፍለጋው ሲጠናቀቅ ግን ልጁ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። በሩማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት 136 የማሳደጊያ ልጆችን የተከታተለ የታወቀ ጥናት አለ። በአደራ ቤተሰብ ዘንድ የተቀመጡት ልጆች በማሳደጊያ ከቀሩት ይልቅ አገገሙ፤ በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ከአሳዳጊያቸው ጋር የመተሳሰር አቅማቸው ጎልቶ ታየ። ይህን የምነግራችሁ ማመልከቻችሁ ላይ «ጨቅላ» የሚለውን «እስከ 2 ዓመት» ብላችሁ ለማስተካከል እንድትደፍሩ ነው። ስትደፍሩ ግን ከልባችሁ ይሁን። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ሌሊት ተነሥቶ የሚያለቅስላት፣ እናንተ የማታውቋት ሴት ትኖረዋለች።

ሌላው እንቅፋት ኬንያ የሚለው ቃል ራሱ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀት ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የፋይል ምርመራ ወደ 5 አወረደው። በዚያው ዓመት ግንቦት በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ቤት በግፍ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ ተፈረደባቸው፤ የእሷ ነገር እዚህ አልተረሳም። በጥር 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 አሻሽሎ የውጭ ዜጎች የኢትዮጵያን ልጆች በጉዲፈቻ የሚወስዱበትን በር ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የውጭ አድራሻ የተጻፈበት ማመልከቻ ሲመጣ እጁን የሚሰበስብ ሠራተኛ አይጠፋም። እናንተን ግን ሕጉ አይመለከታችሁም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ኢትዮጵያውያን ናችሁ፤ የተከለከለው የዜግነት እንጂ የመኖሪያ ጉዳይ አይደለም። ይህን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ግልጽ አድርጋችሁ፣ የፓስፖርት ቅጂ አያይዛችሁ ላኩ። አብረዋችሁ የሚያገለግሉ ፈረንጆች ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ልጅ ወስደው ከሆነ የእነሱ ታሪክ አያታልላችሁ፤ የሄዱበት መንገድ ዛሬ የለም። እዚያው ኬንያ ልጅ እንውሰድ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁም፣ የኬንያ ካቢኔ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በአገሩ የሚኖሩትን ጨምሮ የውጭ ዜጎች የኬንያ ልጆችን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ማገዱን አስቡ። በኬንያ የውጭ ዜጎች እናንተ ናችሁ።

አሁን ማንም በግልጽ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የምናወራው ስለ ወሎ ነው። አያት ሰላቷን ስትሰግድ ምራቷ ፍልሰታን የምትጾምበት፣ ሙሐመድ የሚባል አጎት የጥምቀት እንግዳ የሚያስተናግድበት አገር ነው። እናንተ ወንጌላውያን ናችሁ፤ ሥራችሁም ማስተማር ነው። የልጁ አያት ፈቃድ ስትጠየቅ «ለጴንጤ ነው የምሰጠው?» ብላ ብታመነታ በክፋት አትተርጉሙት። እስላም ከሆነች ደግሞ በእምነቷ የቲም ማሳደግ ትልቅ ምንዳ አለው፣ ልጁን ከአባቱ ስም መለየት ግን አይፈቀድም፤ ስለዚህ ይደግልኝ ብላ ስሙ አይቀየር ልትል ትችላለች። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 20 የልጁ የብሔር፣ የሃይማኖት፣ የባህልና የቋንቋ መሠረት ከግምት እንዲገባ ያዛል። የቤተሰብ ሕጋችንም ጉዲፈቻ የልጁን ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደማይቆርጥ ይናገራል፤ ምርጫ የግድ ሲሆን ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል።

ከዚህ የሚከተለውን ሳልሸፍን እላለሁ። ማመልከቻችሁ ላይ ልጁን የምትፈልጉበትን ምክንያት ስትጽፉ ነፍስ ማዳንን አታስቀድሙ። እምነታችሁን ደብቁ ማለቴ አይደለም፤ ደብቃችሁ ብትገኙ የባሰ ነው። ልጅ ግን የአገልግሎት ፍሬ ተብሎ በሪፖርት የሚቆጠር አይደለም፤ ፋይሉን የሚያነበው ሰው እንዲህ ያለ ሽታ ከሸተተው ልክ ነው። ለሚደግፏችሁ አጥቢያዎች በምትልኩት የጸሎት ደብዳቤም ላይ የልጁን ፎቶግራፍ፣ የመጣበትን ወረዳና የእናቱን ታሪክ አታውጡ፤ ታሪኩ የልጁ ነው፣ አድጎ ለማን እንደሚነግረው ራሱ ይምረጥ። ለአያትየው ደግሞ የምትጠብቁትን ብቻ ቃል ግቡ። በዓመት አንድ ጊዜ ለእረፍት ስትመጡ እናሳይዎታለን ካላችሁ አሳዩ። ስሙን እናቆያለን ካላችሁ አቆዩ። በእኔ ግምት የወሎ አያት ከሃይማኖቱ ይልቅ የሚያስፈራት ልጁ ከዓይኗ መጥፋቱ ነው፤ ባሕር ተሻግረው ሄደው ወሬያቸው የጠፋ ልጆችን ታስታውሳለች።

አገልግሎቱን ትተን እንግባ ወይ ላላችሁት የማኅበራዊ ጥናት የሚጽፍ ባለሙያ እንዴት እንደሚያስብ ልግለጽላችሁ። የሚኖረው ደሴ ነው፤ የማርሳቢት ደጃፋችሁን ረግጦ አያውቅም። የሚያውቀው ከወረቀታችሁ ነው። በየሦስት ወሩ የሚታደስ የኪራይ ውል፣ መቼ እንደሚያበቃ ያልተወሰነ ምደባ፣ «ልጁ ሲሰጠን እናስባለን» የሚል መልስ ሲያይ የሚጽፈው ያልተረጋጋ ኑሮ ብሎ ነው። ልጁን ስትጠብቁ ያንጠለጠላችሁት ኑሮ ፋይላችሁን ያደክመዋል። እናንተ ቦታ ባዶ ያደረጋችሁለት ይመስላችኋል፤ ከደሴ ሲታይ ግን ልጁ የሚገባበት ቤት የለም።

ስለዚህ መኖር ጀምሩ። የዓመት ውል ፈርሙ። የተዋችሁትን ሥራ፣ የሴቶች የንባብ ትምህርትም ይሁን ሌላ፣ ጀምሩት፤ ልጅ ሲመጣ የሚተካችሁን ሰው ከአሁኑ አሠልጥኑ። ቦረንኛውን ወይም ስዋሂሊውን እስከ ጎረቤት ጨዋታ ድረስ ቻሉት፤ ልጃችሁ የሚጫወተው ከጎረቤት ልጆች ጋር ነው። ክትባት የሚሰጠው ጤና ጣቢያ የት እንዳለ፣ ልጅ ሲታመም ሌሊት በምን እንደምትሄዱ እወቁና ጻፉት፤ እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ከአሥር የምስክርነት ደብዳቤ ይበልጥብኛል። የመውለድ ሕክምና እየሞከራችሁ ከሆነ ለባለሙያው ንገሩት። በመካከል ብትወልዱ ጉዲፈቻው አይፈርስም። ሕጉ መሻርን የሚፈቅደው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲያደርገው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ሲይዘው እንጂ አሳዳጊው ሐሳቡን ሲቀይር አይደለም። አለመውለዳችሁንም አልቅሱለት፤ ለብቻው ኀዘን ነው፣ የመጣው ልጅ እንዲያስረሳችሁ አትጠብቁበት። «የዛሬ ዓመት ይህን ጊዜ ልጅ ታቅፊያለሽ» እያሉ የሚተነብዩላችሁን ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በጨዋ ቋንቋ አስቁሟቸው፤ ወረዳው በእነሱ ቀን መቁጠሪያ አይሠራም፣ ቀኑ ባለፈ ቁጥር የሚሰበረው የእርስዎ ልብ ነው።

የመግባቱን ነገር በሁለት ከፍዬ አየዋለሁ። አሁን ሁለታችሁም ሥራ ትታችሁ ደሴ ገብታችሁ ስልክ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገቢ ታጣላችሁ እንጂ ተራችሁ አይፈጥንም። ልጅ ተመርጦላችኋል የተባለ ዕለት ግን አንዳችሁ መጥታችሁ እስከ ፍጻሜው ድረስ ደሴ መቆየት አለባችሁ፤ ልጁ ካለበት እየሄዳችሁ፣ እያበላችሁ፣ እያስተኛችሁ፣ ሽታችሁን እስኪለምድ። ባልና ሚስት ጉዲፈቻ የሚያደርጉት በጋራ ስለሆነ በፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሁለታችሁም ትፈለጋላችሁ። ይህን ለላከቻችሁ ቤተ ክርስቲያን አሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ረዘም ያለ ፈቃድ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ። ኮሚቴዎች ድንገተኛ ነገር አይወዱም።

በዚህ መካከል የባለቤትዎን እናትና የእርስዎን ወላጆች አነጋግሯቸው። በሕጉ መሠረት የአሳዳጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙ በእነሱ ላይ ውጤት አይኖረውም፤ ልጁ የእናንተ ልጅ ሆኖ የእነሱ የልጅ ልጅ ሳይሆን ይቀራል። ይህን ከፍርድ ቤት በኋላ ከመስማት አስቀድሞ ቡና አስፈልቶ መነጋገር ይሻላል። አማትዎ «ደሙ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ» ካሉ አይቆጧቸው፤ ጥያቄያቸውን አስጨርሷቸው። አብሽሩ፣ ሕፃኑን ካቀፉት በኋላ ሐሳባቸውን የቀየሩ አያቶች ብዙ ናቸው፤ በዚያ ተማምኖ ሳይነግሩ መምጣት ግን አይገባም።

ስለ ወረቀቱ ጥቂት። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፤ በዋና ዋና ነጥቦቹ ከፌዴራሉ ጋር ይመሳሰላል፤ ጉዳያችሁም በክልሉ ፍርድ ቤት የሚታይ ነው። በፌዴራሉ ሕግ አሳዳጊ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዳቸው መድረስ ይበቃል። የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የጤና ማስረጃ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትሰጣችሁ የደመወዝና የምደባ ደብዳቤ፣ የዓመቱ የኪራይ ውል ይዘጋጁ። ኬንያ ውስጥ የተሰጠው ሰነድ ናይሮቢ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲና በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳይረጋገጥ ደሴ ላይ ዋጋ የለውም፤ ከማርሳቢት ናይሮቢ ቅርብ ስላልሆነ ሰብስባችሁ በአንድ ጉዞ ጨርሱት። የኬንያ ፖሊስ የሚሰጠውን ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ግን አሁን አታውጡ፤ ያረጀ ማስረጃ አይቀበሉትም፣ ልጅ ሊመረጥላችሁ መቃረቡን ባለሙያው ሲነግራችሁ ታወጡታላችሁ። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀ በኋላ ጉዲፈቻው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ይመዘገባል፤ የልጁ ፓስፖርት የሚጠየቀው በዚያ ማስረጃና በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። ፓስፖርቱ እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜ ከፈቃዳችሁ ላይ ቀንሳችሁ አስሉት፤ የሞያሌን መንገድ የምትጀምሩት እሱን በእጃችሁ ከያዛችሁ በኋላ ነው።